ከጉቶ የተነሣ ደን፦ የሁምቦ ገበሬዎች ሙያ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ሁምቦ ወረዳን አቋርጦ ያልፋል። የወረዳው ተራሮች ደናቸው ተመንጥሮ፣ የተረፈውም ለማገዶና ለከሰል አልቆ ለረጅም ዘመን ተራቁተው ኖረዋል። ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ ታጥቦ ቁልቁል ይወርድ፣ ጎርፉም ከግርጌ ያለውን ማሳ ይበላ ነበር። መጠለያ ያጣ የዱር እንስሳ ደግሞ አካባቢውን ለቆ መሄዱ አይቀርም። ዛሬ በእነዚያው ተራሮች 2,728 ሄክታር የሚሸፍን ቦታ በደንነት ተከልሎ ያገግማል። ጠባቂዎቹም ከሥሩ የሚኖሩት ገበሬዎች ናቸው።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ በግብረ ሰናይ ድርጅቶቹ በወርልድ ቪዥን ኢትዮጵያና በወርልድ ቪዥን አውስትራሊያ አማካይነት ተጀመረ። ደንን ከጉቶ የማስነሣቱን ዘዴ ያስተዋወቀው አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ ነው። ሪናውዶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኒጀር ውስጥ ሲሠራ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፦ ዛፉ ቢቆረጥም ሥሩ አልሞተም።

የገበሬዎቹ ሥልጠና የሚጀምረውም ከጉቶው ነው። ጉቶ ሲያቆጠቁጥ ብዙ ቀንበጥ በአንዴ ያወጣል። ሁሉም ከተተዉ ሲሻሙ ቁጥቋጦ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ገበሬው ጉቶውን እየዞረ ያያል፤ ቀጥ ያሉና ጠንካራ የሆኑ ጥቂቶችን መርጦ ያስቀራል፤ ሌሎቹን ከሥራቸው ይቆርጣል። የቀሩትንም ከታች በኩል ይመለምላል። ሲመለምል ስለቱን ከታች ወደ ላይ ይሰነዝራል፤ ከላይ ወደ ታች ከቆረጠ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይሄዳል። የተመለመለው ጭራሮ ለቤት ማገዶ ይሆናል። ከሁምቦ ደን አብዛኛው የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው። ችግኝ የተተከለው ሥር ባልተረፈበት ቦታ ነው።

ሙያው ብቻውን ግን አይበቃም ነበር። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው መሬቴ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ሰግቷል፤ ስጋቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ግጦሽና ማገዶ የሚገኘው ከዚያው ተራራ ነው። መልሱ ነዋሪዎቹን በ7 የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማደራጀትና የደኑን የመጠቀም መብት በሕጋዊ ሰነድ ማረጋገጥ ሆነ። ከብት ወደ ተከለለው ቦታ አይገባም፤ ሣሩ ግን ታጭዶ ወደ ቤት ይወሰዳል። ለሥራው ስኬት ከሁሉ ይልቅ የሚመሰገነው ይህ ውሳኔ ነው። ሰው የራሱ ያልሆነውን ደን ሌሊት ተነሥቶ አይጠብቅም።

ከመብቱ ጋር ገበያም መጣ። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ የካርቦን ቅነሳን ለሽያጭ በሚያበቃው የተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት አሠራር ተመዘገበ። ደኑ ከሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 165,000 ቶኑን ለመግዛት የተዋዋለው የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ነው። ማኅበራቱም ከካርቦን ገቢው እህል ወፍጮና መጋዘን አቁመዋል።

ጥላው ሲመለስ የዱር እንስሳትም ይመለሳሉ፤ እዚህ ላይ አዲስ ፈተና ይነሣል። ዝንጀሮ፣ ከርከሮና ጃርት ከደን አጠገብ የሚያርስ ገበሬ ሁሉ የሚያውቃቸው የማሳ ጠላቶች ናቸው። በቆሎው በአንድ ሌሊት የተበላበት ሰው ስለ ጥበቃ ቢነገረው መስማት ይከብደዋል። ለዚህ ነው የጉቶ ሥልጠናው የእንስሳቱን ጉዳይም መጨመር ያለበት፦ በደኑ ዳር እንስሳት የማይወዱትን ሰብል መዝራት፣ ማሳን በየተራ መጠበቅ፣ የሚታዩትን እንስሳት እየቆጠሩ መመዝገብ። በሶዶ ከተማ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የቆጠራውን ዘዴ ለማኅበራቱ አባላት ማስተማር የሚችሉ ምሁራን ሩቅ አይደሉም።

የተራቆተ ተራራ ያላቸው ሌሎች ወረዳዎችም ለችግኝ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት የሁምቦን ገበሬዎች ጋብዘው ጉቶዎቻቸውን ያሳዩአቸው።