የፊስክ መዘምራን ጉዞ በታላቋ ብሪታንያ

አንድ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ሲያልቅበት አስተዳደሩ የልመና ደብዳቤ ይጽፋል፤ ተማሪው ደግሞ ስለ ምግቡ ያጉረመርማል። ይህ በየትም አገር ያለ ነው። በ1871 ዓ.ም. ግን (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን፣ ካልገለጽን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ የሚገኘው የፊስክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከማጉረምረም አልፈው ሄዱ። ትምህርት ቤታቸውን ከመዘጋት ለማዳን ለመዘመር ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላም አትላንቲክን ተሻግረው በእንግሊዝ ንግሥት ፊት ቆሙ። የጉዞአቸው ታሪክ ስለ ሙዚቃም፣ ስለ ገንዘብም፣ ስለ ብሪታንያ ታሪካዊ ቦታዎችም ብዙ የሚያስረዳ ስለሆነ፣ ይልቁንም ተማሪዎች የሠሩት ሥራ ስለሆነ፣ ለባልንጀሮቻችን ልንተርከው ወደድን።

ፊስክ የተከፈተው በጥር ወር 1866 ነው፤ ይኸውም የእርስ በርሱ ጦርነት አልቆ ባርነት በሕግ ከተሻረ ከጥቂት ወራት በኋላ። የመማሪያ ክፍሎቹ የጦር ሠራዊት ሐኪም ቤት የነበሩ የእንጨት ቤቶች ነበሩ። ነፃ የወጡት ባሮች፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ፊደል ለመቁጠር ይጎርፉ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ እንደሚነገረው፣ የመጀመሪያዎቹ የፊደል መጻሕፍት ከተገዙበት ገንዘብ አንዱ ክፍል የተገኘው በባሪያ መሸጫው ቦታ የቀሩትን ዝገት የበላቸው የእግርና የእጅ ብረቶች ለብረት ነጋዴ በመሸጥ ነው። ዳሩ ግን የብረት ዋጋ ዩኒቨርሲቲ አያቆምም። በአምስት ዓመት ውስጥ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፤ ዕዳውም በዛ።

የገንዘብ ያዡ ጆርጅ ዋይት የተባለ ነጭ ሰው ሲሆን በትርፍ ጊዜው ሙዚቃ ያስተምር ነበር። ጥቅምት 6 ቀን 1871 ዘጠኝ ተማሪዎች ይዞ፣ በካዝናው ከቀረው ገንዘብ ለመንገድ የሚሆነውን ወስዶ፣ ወደ ሰሜን ተነሣ። ብዙዎቹ ባሮች ሆነው የተወለዱ ናቸው። የቡድኑ ፒያኖ መቺና የዋይት ዋና ረዳት የነበረችውን ኤላ ሼፐርድን አባቷ ከባርነት ያወጣት 350 ዶላር ከፍሎ ነው፤ እናቷ ግን ወደ ሚሲሲፒ ተሸጣ ስለነበር ሁለቱ የተገናኙት ከጦርነቱ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሳፋሪ ነበሩ። አዳራሹ ባዶ፣ ሆቴሉ «ለጥቁር ቦታ የለም» የሚል። በዚያው ሰሞን የቺካጎ ከተማ በእሳት ስትወድም፣ እነዚህ የሚበሉትን ያጡ ተማሪዎች የአንድ ኮንሰርታቸውን ገቢ፣ 50 ዶላር እንኳ የማይሞላውን፣ ለተጎጂዎቹ ሰጡ። ብልኅነት አይመስልም፤ ነገር ግን ጋዜጦች ስማቸውን ማንሣት የጀመሩት ከዚህ ወዲህ ነው።

ስም ግን ገና አልነበራቸውም። ዋይት በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ ሳሉ «የኢዮቤልዩ መዘምራን» ብሎ ሰየማቸው። ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ በተከበረ ጊዜ በአደባባይ ሁሉ ሲነገር የነበረ ነው። የጥንት ፍቺው ግን ከበዓል ይልቅ ከሕግ ይቀርባል፤ ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደሚያዝዘው በኀምሳኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፣ መሬት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ ባሪያም ነፃ ይወጣል። የአሜሪካ ባሮች ይህን ምዕራፍ በቃል ያውቁት ነበርና ስሙ ልክ እንደ ልብስ ገጠማቸው።

አሁን ወደ ሙዚቃው እንምጣ። መጀመሪያ ያቀርቡ የነበረው በዘመኑ የተለመደውን የነጮች የኮንሰርት ሙዚቃ ነበር። ወላጆቻቸው በጥጥ እርሻና በሌሊት ጸሎት የዘመሯቸውን መዝሙሮች በሕዝብ ፊት ማቅረብን ይፈሩ፣ አንዳንዶቹም ያፍሩ ነበር፤ የባርነትን ሰንበር ገልጦ እንደ ማሳየት ቆጠሩት። ቀስ በቀስ ግን ሲያቀርቧቸው አድማጩ እንደ ተነካ አዩ፤ ኮንሰርቱም ወደዚያው አዘነበለ። አዘማመራቸው ያለ መሣሪያ፣ በአራት ድምፅ፣ እንደ ሹክሹክታ ከሚሆን ዝቅታ ተነሥቶ አዳራሹን እስኪሞላ የሚያድግ ነበር። መዝሙሮቹን በኖታ የጻፈው ቴዎዶር ሲዋርድ እንዳስተዋለው፣ ከግማሽ የሚበዙት የዜማውን አራተኛና ሰባተኛ ድምፅ ይዘልላሉ፤ ማለትም በአምስት ድምፅ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ክራር የነካ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ ከእኛ የትዝታ ቅኝት አንዱ መልክ እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይዟልና። የስኮትላንድ የጥንት ዜማዎችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ዝምድና መፈላሰፍ አይገባም፤ አምስት ድምፅ በዓለም ዙሪያ የሚገኝ ነገር ነው። ነገር ግን የኤዲንብራው አድማጭ ባዕድ ዜማ ሰማሁ ሳይል የራሱን እንደ ሰማ ሆኖ ለምን እንደ ተቀመጠ በጥቂቱ ያስረዳል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊያውቀው ይገባል። በዚያ ዘመን «የጥቁሮች ሙዚቃ» ሲባል የእንግሊዝ ሰው የሚያስበው ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው የሚዘሉና የሚያሾፉ ነጮችን ነው። ከነዚህ ቡድኖች መካከል በ1846 ሎንዶን መጥቶ ብዙ ጭብጨባ ያገኘው አንዱ ራሱን «የኢትዮጵያ ዘፋኞች» ብሎ ይጠራ ነበር! ኢትዮጵያን የማያውቁ፣ ጥቁርም ያልሆኑ ሰዎች በአገራችን ስም ሲነግዱ ነበር ማለት ነው። የፊስክ ልጆች ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን ወደ ላይ አቅንተው ሲቆሙ ከመዝሙሩ በፊት ያንን ቀልድ ማፍረስ ነበረባቸው። በእኛ አስተያየት ከድምፃቸው ይልቅ ከባዱ ሥራ ይህ ነው።

በ1873 ወደ እንግሊዝ ለመሻገር ሲነሡ አያሌ የመርከብ ኩባንያዎች በአንደኛ ማዕረግ አንወስዳቸውም አሉ። በመጨረሻ የኩናርድ ኩባንያ ተቀበላቸውና በሚያዝያ ወር ከቦስተን «ባታቪያ» በተባለችው መርከብ ተሳፍረው ሊቨርፑል ወረዱ። ሊቨርፑል! በ18ኛው መቶ ዓመት የባሪያ ንግድ መርከቦች ከሁሉ ይልቅ የሚነሡበት ወደብ ነበር፤ ከተማዋ የጌጥ ሕንፃዎቿን ያቆመችው በአያቶቻቸው ዋጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ በዚያው ወደብ የባርነትን ታሪክ የሚያሳይ ቤተ መዘክር አለ፤ የተከፈተው ግን በ2007 ነው።

ሎንዶን እንደ ገቡ ዋና ደጋፊያቸው የሻፍትስበሪው ሎርድ ሆነ፤ በፋብሪካ የሚሠሩ ሕፃናትን በሕግ ለማስጠበቅ የታገለው ሰው ነው። በግንቦት መጀመሪያ የአርጋይል መስፍን ኬንሲንግተን ወደሚገኘው ቤቱ ጠራቸው። የመስፍኑ ልጅ የንግሥት ቪክቶሪያን ልጅ ሉዊዝን አግብቶ ነበርና ንግሥቲቱ ራሷ መጥታ ሰማቻቸው። በበጋውም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ግብዣ አድርጎ የዌልስ ልዑልና ልዕልት ባሉበት አዘመራቸው፤ ሌላ ቀን ደግሞ ለቁርስ ጠርቶ ከእንግዶቹ ጋር በአንድ ማዕድ አስቀመጣቸው። በአገራቸው ከነጭ ጋር አብሮ መብላት የሚያስደበድብ ነበርና የቁርሱ ወሬ አሜሪካ ሲደርስ ከንግሥቲቱ ወሬ ይልቅ አነጋገረ።

በዚያ ጊዜ መቅደላ ከወደቀች ገና አምስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ የተዘረፉት የብራና መጻሕፍት በሎንዶን ቤተ መዘክር ውስጥ ነበሩ፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ በዚያው አገር ትምህርት ቤት ነበር። ቪክቶሪያ ለእርሱም ታዝን ነበር። ታላላቅ ሰዎች በአንድ እጃቸው የሚያደርጉትን በሌላው እጃቸው እንደሚያባብሉት የታወቀ ነው።

ለመኳንንት መዘመር ግን ገንዘብ አያመጣም፤ ስም እንጂ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ አስቀድሞ ወኪላቸው የከተማውን ሰባኪዎችና ነጋዴዎች ያነጋግራል፤ የመኳንንቱ ስም በማስታወቂያው ላይ ይታተማል፤ ከዚያ አዳራሽ ወይም ቤተ ክርስቲያን ተከራይቶ የመግቢያ ቲኬት ይሸጣል። የገንዘቡ ምንጭ የሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞችና ስኮትላንድ ነበሩ። በሎንዶን ደግሞ ሰባኪው ስፐርጀን ከ5,000 ሰው በላይ የሚይዘውን አዳራሹን ሰጣቸው። በስትራንድ መንገድ በነበረው በኤክሰተር አዳራሽም ዘመሩ፤ ይህ ቤት ከ1831 ጀምሮ የፀረ ባርነት ማኅበራት መሰብሰቢያ የነበረ ሲሆን በ1907 ፈርሶ ዛሬ በቦታው ሆቴል ቆሟል።

በታሪክ ቦታነት ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሀል የተባለችው የምሥራቅ ጠረፍ ከተማ ናት። የባሪያን ንግድ በ1807 በሕግ እንዲቀር በፓርላማ ሃያ ዓመት የተከራከረው ዊልበርፎርስ በ1759 የተወለደባት ናት። የመታሰቢያ ዓምዱ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው ነሐሴ 1 ቀን 1834 ነው፤ ይኸውም በብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን የሚሽረው ሕግ በሥራ ላይ በዋለበት ቀን። የተወለደበት ቤት ከ1906 ጀምሮ ቤተ መዘክር ሆኗል። የፊስክ ልጆች በዚህች ከተማ ሲዘምሩ ሕዝቡ ምን ያህል እንደ ኮራ መገመት አያዳግትም። ኩራቱ ተገቢ ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በዚያው ሕግ ፓርላማው 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ወስኖ ነበር፤ ካሣው የተከፈለው ግን ለባሪያ ጌቶች ነው፣ ለባሮቹ አንዲት ሳንቲም አልተሰጠም። ለዚሁ ሲባል የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። ግላስጎውም ብንሄድ ከትላልቆቹ መንገዶች አንዱ ጃማይካ፣ ሌላው ቨርጂንያ ይባላል፤ ከተማዋ በትምባሆና በስኳር እንደ ከበረች ስሙ ራሱ ይመሰክራል። የማንችስተርም ፋብሪካዎች ይፈትሉ የነበረው ጥጥ የመዘምራኑ ወላጆች የለቀሙት ነው። እንግዲህ ቲኬት የገዛው የእንግሊዝ ሰው ምጽዋት ሰጠ ወይስ ዕዳ ከፈለ? እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን።

በግላስጎው በ1874 መጀመሪያ የዋይት ሚስት በተስቦ ሞተች፤ እርሱም ሳንባውን ታምሞ ደም ይተፋ ነበር። ልጆቹም ቢሆኑ በዝናብና በብርድ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ድምፃቸው ደከመ። በፀደይ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 ፓውንድ፣ በጊዜው ምንዛሪ 50,000 ዶላር ያህል፣ ይዘው ነበር። በዚህ ገንዘብ ባለ ስድስት ፎቁ የኢዮቤልዩ አዳራሽ ተሠርቶ በጥር 1 ቀን 1876 ተመረቀ፤ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ለጥቁሮች ትምህርት ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ቋሚ ሕንፃ ይኸው ነው። ኤድመንድ ሃቨል የተባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ በሰው ቁመት ልክ የሣላቸው ትልቅ ሥዕልም እስከ ዛሬ እዚያው ተሰቅሏል።

ዩኒቨርሲቲው ግን በአንድ ሕንፃ አልጠገበም። በ1875 እንደ ገና ወደ አውሮፓ ላካቸው፤ እስከ 1878 ድረስ በብሪታንያ፣ በሆላንድና በጀርመን ሲዘምሩ ቆይተው በሃምቡርግ ተበተኑ። በሰባት ዓመት ውስጥ ያስገቡት ገንዘብ 150,000 ዶላር ያህል ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነን ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ የፊስክ ምሩቃን በ1875 ዲግሪ ሲቀበሉ ከአራቱ አንዷ አሜሪካ ሮቢንሰን በዓሉ ላይ አልተገኘችም፤ በጉዞ ላይ ነበረች። እርስዋስ ዲግሪዋን አገኘች። ከባልንጀሮቿ አብዛኞቹ ግን ለሌላው ተማሪ መኝታና ክፍል ሲሠሩ የራሳቸውን ትምህርት ሳይጨርሱ ቀሩ። ለመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ መዘምራን ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክተርነት የሰጣቸው በ1978 ነው፤ ሁሉም ከሞቱ በኋላ።

ሁለቱ ብሪታንያን ወድደው ቀሩ። አይዛክ ዲከርሰን የዌስትሚንስተር ገዳም አለቃ የነበረው ስታንሊ ረድቶት በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማረና ሰባኪ ሆነ፤ በ1900 በሎንዶን አጠገብ ሞተ። ቶማስ ራትሊንግ ሃሮጌት በተባለች የሰሜን እንግሊዝ ከተማ መዝሙር እያስተማረ ኖሮ በ1915 እዚያው ተቀበረ። በናሽቪል ደግሞ ጥቅምት 6 በየዓመቱ የኢዮቤልዩ ቀን ተብሎ ይከበራል፤ የዛሬዎቹ መዘምራን፣ በ2021 የግራሚ ሽልማት ያገኙት፣ በዚያን ቀን ይዘምሩና ወደ ቀደሙት መቃብር ይሄዳሉ።