ሴት ልጆቻችንና ስካውት



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን። ለዛሬ የመረጥነው ርዕስ በአሜሪካ ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆችን የሚመለከት ነው፤ ለወንዶች ተብሎ በተቋቋመ ስካውት ውስጥ ሴት ልጅ ትግባ ወይስ አትግባ?

በመጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። የአሜሪካ ወንድ ልጆች ስካውት እ.ኤ.አ. በ1910 ተመሠረተ። ሴቶችን ወደ ዋና ክፍሎቹ ለመቀበል በ2017 ወሰነና በ2018 ለትናንሾቹ፣ በ2019 ደግሞ ከ11 እስከ 17 ዓመት ላሉት በሩን ከፈተ። በ2021 የመጀመሪያዎቹ ልጃገረዶች «ኢግል ስካውት» የተሰኘውን ከፍተኛ ማዕረግ አገኙ። በ2025 ድርጅቱ «ስካውቲንግ አሜሪካ» ተባለ። ከ1912 ጀምሮ ልጃገረዶችን ሲያሠለጥን የኖረው የሴቶች ስካውት ግን «ሴት ልጅ ከሴቶች ጋር ስትሆን ይበልጥ ትጎለብታለች» በማለት ተቃውሟል። ስለዚህ ጥያቄው የሙስሊሞች ብቻ አይደለም።

እኛ ጉዳዩን ለሁለት ከፍለን እናየዋለን።

አንደኛው ሥልጠናው ራሱ ነው። ቁስል ማሰር፣ መንገድ መፈለግ፣ ስንቅ አዘጋጅቶ መጓዝ፣ ቃልን መጠበቅ፤ ከነዚህ ውስጥ ለሴት ልጅ የማይገባ የቱ ነው? አስማ ቢንት አቢበክር (ረ.ዐ) በሂጅራ ጊዜ ለነቢዩና ለአባቷ ስንቅ አዘጋጅታለች። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ) ከሌሎች ሴቶች ጋር ለዘማቾች ውኃ ታቀርብ፣ ቁስለኞችን ታክም ነበር። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሩጫ ተወዳድራ አሸንፋቸዋለች። ስለዚህ «ሴት ናትና ቤት ትቀመጥ» የሚለው ልማድ እንጂ ዲን አይደለም።

ሁለተኛው አደራረጉ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። ሸሪዓችን ኸልዋን ይከለክላል፤ ሐያእን ያዛል። በ2019 ለትልልቆቹ ሲከፈት የወንዶቹና የሴቶቹ ቡድን የተለያየ ነበር። ልጃገረዶች ባሉበት እንቅስቃሴ ሁሉ ዕድሜዋ 21 የሞላ የተመዘገበች ሴት መሪ እንድትገኝ ደንቡ ያስገድዳል፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆንም ይከለክላል። ይህ ከኛ አደብ የራቀ አይደለም። ነገር ግን አሠራሩ ከቡድን ቡድን ሊለያይ ስለሚችል ወላጅ በወረቀት ብቻ አይርካ። መሪዋ ማን ናት? ድንኳኑ የት ይተከላል? ሒጃቧና ሶላቷ ይጠበቃል? ምግቡስ ሐላል ነው? ብሎ ይጠይቅ። አዳር ላይ ልቡ ካልረጋ ከቀኑ ፕሮግራም ይጀምር፤ እናት ወይም አክስት አብራት ትሂድ።

ተስማሚ ቡድን ከሌለስ? በአሜሪካ የራሳቸውን የስካውት ቡድን ያቋቋሙ መስጂዶች አሉ። ወንድ ልጃችንን ሸኝተን እህቱን በመስኮት እንድታይ ከማድረግ፣ ጀመዓው በእህቶች የሚመራ የልጃገረዶች ቡድን ቢያቋቁም ይሻላል። ሁለቱም አማናዎቻችን ናቸው፤ ስለ ሁለቱም እንጠየቃለን።

አላህ ልጆቻችንን ሷሊሖች ያድርግልን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።