ተክሏን የሚያሳይ፣ ቦታዋን የሚሰውር ካሜራ

ቬነስ ፍላይትራፕ የምትባለው ነፍሳት በል ተክል በብዙ አገሮች የአበባ መሸጫዎች ውስጥ አትጠፋም። በተፈጥሮዋ በዱር የምትበቅለው ግን አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ጠረፍ፣ በዊልሚንግተን ከተማ ዙሪያ ባለ ጠባብ አካባቢ። በተፈጥሮ ቦታዋ ልቅረጻት የሚል ባለሙያ ግሪን ስዋምፕን በመሰለ እርጥብ ሜዳ ላይ በሆዱ መተኛት አለበት። ቅጠሎቿ መሬት ለመሬት የተዘረጉ ናቸው፤ ወጥመዷም ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

በወጥመዱ ሁለት ክንፎች ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ቀጫጭን ፀጉሮች ቆመዋል። ጉንዳን አንዱን ቢነካ ምንም አይሆንም። በ20 ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ከደገመ ግን ወጥመዱ በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ አካባቢ ይከደናል። በሴኮንድ 25 ምስል የሚያነሳ ካሜራ ከዚህ ሁሉ የሚያስቀረው ሁለት ሦስት ምስል ብቻ ነው፤ 1,000 የሚያነሳው ግን ቅጠሉ እንዴት እንደሚገለበጥ አንድ በአንድ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ሥራው በተቃራኒው ዝግታ ነው። የተያዘው ጉንዳን በተንፈራገጠ ቁጥር ፀጉሮቹን ደጋግሞ ስለሚነካ ተክሏ የሚያሟሟ ፈሳሽ ታመነጫለች፤ ፈጭታ እስክትጨርስ ሳምንት ያህል ይወስዳል። ይህን የሚያሳየው በየተወሰነ ደቂቃ አንድ ምስል የሚያነሳ ካሜራ ነው።

ወጥመዱን በስንጥር ነክቶ ማስከደን ግን ነውር ነው። አንድ ወጥመድ ተከድኖ የሚከፈተው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ በባዶ ማድከም ተክሏን መጉዳት ነው። እውነተኛ ባለሙያ ጉንዳኑ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ለእኔ ከወጥመዱ ይበልጥ የሚያስፈልገው የእሳቱ ቀረጻ ነው። ይህች ተክል የምትኖረው ረጃጅም መርፌ ቅጠል ባላቸው የፓይን ዛፎች መካከል በሚገኝ ገላጣ ሜዳ ነው፤ ሜዳው በየጥቂት ዓመቱ ካልተቃጠለ ቁጥቋጦ ይውጠዋል፣ እሷም ብርሃን አጥታ ትጠፋለች። እሳት ሲያልፍ ከላይ ያለው ቅጠል ይነድዳል፤ ከመሬት በታች ያለው ግንዷ ግን ይተርፋል፣ መልሶም ያቆጠቁጣል። አንድ ካሜራ በዚያው ቦታ ተተክሎ ከቃጠሎው በፊት ያለውን ቁጥቋጦ፣ ጥቁሩን አመድ፣ ከዚያም አዲሱን ቅጠል በተከታታይ ቢያሳይ፣ በጢሱ የሚማረር ጎረቤት፣ የጥበቃ ባለሙያዎች ሜዳውን ሆን ብለው የሚለኩሱት ለምን እንደሆነ ያለ ብዙ ንግግር ይገባዋል።

ፊልሙ ግን ለሌባም መንገድ ሊጠቁም ይችላል። በሰሜን ካሮላይና ተክሏን ከዱር ነቅሎ መውሰድ ከ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከባድ ወንጀል ነው። በቀጣዩ ወር፣ ሆሊ ሼልተር በተባለ ጥብቅ ስፍራ 970 ገደማ ተክል ነቅለዋል የተባሉ አራት ሰዎች ተከሰዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ቀራጭ የካሜራውን የቦታ መጠቆሚያ ያጠፋል፤ የመንገድ ምልክትም ሆነ በቅርጹ የሚለይ ዛፍ በምስሉ እንዲገባ አይፈቅድም። ትክክለኛው ቦታ የሚነገረው ለጥበቃ ባለሙያዎቹ ብቻ ነው።