ልዩ ተሰጥኦ ላለው የቲም ትምህርት ቤት ስለ መምረጥ



የቲምን መንከባከብ ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ነው። ሆኖም ከምንደግፋቸው ልጆች መካከል አላህ (ሱ.ወ.) የተለየ የአእምሮ ብሩህነት የለገሳቸው ይገኛሉ። ለእነርሱ ትምህርት ቤት መምረጥ በችኮላ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

ኢማም አሽ-ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) በ150 ዓመተ ሂጅራ ጋዛ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው የሞቱት እርሳቸው ሕፃን ሳሉ ነው። እናታቸው ወደ መካ ወሰዷቸው፤ ለመምህሩ የሚከፍሉት ግን አልነበራቸውም። መምህሩ የልጁን ፈጣን አቀባበል ባየ ጊዜ፣ እርሱ በሌለበት ሰዓት ሌሎቹን ልጆች እንዲያስጠኑለት አደረገና ክፍያውን ተወ። በ7 ዓመታቸው ቁርኣንን፣ በ10 ዓመታቸው የኢማም ማሊክን ሙወጣእ እንደ ሐፈዙ ይተረካል። እናትየዋ ዕውቀት ያለበትን ስፍራ መረጡ፤ መምህሩም ለልጁ ከችሎታው ጋር የሚመጣጠን ሥራ ሰጠ። ዛሬም የምንፈልገው ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ መምህር የሚገኝበትን ነው።

ተሰጥኦን ለመለየት በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ የሒፍዝ ፍጥነት ዋና መለኪያ ሆኗል። መልካም ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሥራውን ቀድሞ ጨርሶ ክፍል የሚረብሽ፣ «ለምን?» ማለት የማይሰለቸው ልጅም አለ። አባቷን በቅርቡ ያጣች ልጅ ደግሞ በሐዘን ምክንያት ውጤቷ ዝቅ ሊል ይችላል። በመሆኑም የደረጃ ካርድ ከማየት ባሻገር የትምህርት ቤቱንም የመድረሳውንም መምህራን ማነጋገር ያስፈልጋል።

ውድ ክፍያ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ሁሉ ተስማሚ ነው ማለት አይደለም። በሌላ በኩል የትምህርት ጥራት ልዩነት እጅግ ሰፊ መሆኑ አይካድም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከፍተኛ ውጤት ካስመዘገቡት መካከል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው ታይተዋል። እንደ አዳማው ያሉት እነዚህ ትምህርት ቤቶች ጎበዝ ተማሪዎችን በፈተና መርጠው ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ አባቱን ያጣ ልጅ ከእናቱም ሲለይ ምን እንደሚሰማው መጠየቅ ይገባል። ሰላት የሚሰግድበት ጊዜና ቦታ፣ የሚቀርብለት ምግብ፣ ለሴቶች ልጆችም የሒጃብ ጉዳይ ከምዝገባ በፊት በአካል ሄዶ የሚጣራ ነው።

ወጪውም እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ይሰላ። በ5ኛ ክፍል ተጀምሮ በ7ኛ የሚቋረጥ ድጋፍ ልጁን ከጓደኞቹ ነጥቆ ይጥለዋል። በብዙ ድርጅቶች ድጋፉ የሚያበቃው ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ ልጅ ግን በዚያ ዕድሜ ገና 11ኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። ከወርሃዊ ክፍያው ሌላ ትራንስፖርት፣ ዩኒፎርምና የምሳ ወጪ አለ። ምሳ ሳይዝ ከባለጠጋ ልጆች ጋር የሚውል ተማሪ በኀፍረት ትምህርቱን ሊጠላ ይችላል።

በመጨረሻም የቤቱ ሌሎች ልጆች አሉ። ለአንዱ የሚወጣው ገንዘብ ከፍ ሲል የእኅትና የወንድሞቹ ደብተር እንዳይጓደል ከእናትየዋ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያሻል። ብዙ እናቶች ይህን ራሳቸው አያነሱትም፤ ለጋሹን ቅር እንዳያሰኙ ይሰጋሉና።