የባሕር ዓሣ ገንዳ ውሃ በድንገት ሲበላሽ

የባሕር ዓሣዎችን በመስተዋት ገንዳ (አኳሪየም) ውስጥ አኑሮ ማሳየት ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ ትምህርት ብዙውን ክፍል በአንድ ቦታ ያሰባስባል። ይሁን እንጂ ለወራት ጤናማ ሆኖ የቆየ ገንዳ በአንድ ሌሊት ሊበላሽ ይችላል። የብልሽቱ ምክንያት ብዙ ዓይነት ነው፤ እኛ ግን ለሁላችንም እንግዳ ያልሆነውን የኤሌክትሪክ መቋረጥን እንደ ምሳሌ ወስደን እንመለከታለን።

200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለን እንበል። ማታ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ፓምፑ ቆመ። ጧት ስንደርስ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ውሃው ደፍርሷል፣ አንድ ቀንድ አውጣም ሞቶ ይሸታል። በዚህ ጊዜ የብዙ ሰው እጅ የሚሄደው ወደ ባልዲው ነው፤ ውሃውን በሙሉ ደፍቶ፣ አሸዋውንና ድንጋዩን በቧንቧ ውሃ አጥቦ እንደገና ለመጀመር። ከሌሊቱ አደጋ የተረፉትን ዓሣዎች ኋላ የሚጨርሳቸው ግን ብዙውን ጊዜ ይኸው ጽዳት ነው።

በመጀመሪያ የሚያልቀው ኦክሲጅን ነው። በባሕር ጠረፍ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ጨው የሌለበት ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ የባሕር ውሃ የሚይዘው 6.7 ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት የአየሯ ግፊት የጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ያው የጨው ውሃ አዲስ አበባ ላይ የሚይዘው ኦክሲጅን ወደ 5 ሚሊግራም ይወርዳል። ከምጽዋ ወይም ከጅቡቲ ጠረፍ የመጣ ዓሣ በደጋ ከተማ የሚኖረው እንግዲህ ፓምፑ ሳይቆምም በቁጠባ ነው። በዚህ ላይ ሌሊት ብርሃን ስለሌለ በገንዳው ያለው አልጌም ኦክሲጅን መስጠቱን ትቶ ተሻሚ ይሆናል።

ሁለተኛው ጠላት በዓይን የማይታየው አሞኒያ ነው። ዓሣ ናይትሮጂን ያለበትን ቆሻሻ በአብዛኛው የሚያስወጣው በስንጥቡ በኩል፣ በአሞኒያ መልክ ነው፤ የሞተው ቀንድ አውጣም ሲበሰብስ ይጨምርበታል። በደህናው ጊዜ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህን ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ ለይቶ ያወጣቸው ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው። የሚኖሩትም በውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን በአብዛኛው በድንጋዩ፣ በአሸዋውና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ነው። ውሃውን ብንደፋ ብዙ አይጎዱም፤ ድንጋዩን ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ብናጥብ ግን ከሌሊቱ የአየር እጦት የተረፉትን ራሳችን እንገድላቸዋለን። ገንዳውን አዲስ አድርገን ብንጀምር ደግሞ ባክቴሪያዎቹ እስኪደራጁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

ስለዚህ ጧት የመጀመሪያው ሥራ አየር መስጠት ነው። ኤሌክትሪኩ ካልተመለሰ በኩባያ ከገንዳው ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ያገለግላል፤ ተማሪዎች በየተራ ቢሠሩት አይከብድም። የሞተውን ሁሉ ወዲያው ማውጣት፣ ምግብም ጨርሶ አለመስጠት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በታፈነው ውሃ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጠራቀም ፒ ኤቹ፣ ለምሳሌ፣ ከ8.2 ወደ 7.6 ይወርዳል። በ7.6 ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ በሆነው መልኩ የሚገኘው ከመቶ 2 እጅ እንኳ አይሞላም፤ ቀሪው ጉዳቱ ያነሰው አሞኒየም አዮን ነው። አየር ስንሰጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒ ኤቹ ይመለሳል፤ በ8.2 መርዛማው ክፍል ከመቶ ከ6 እስከ 7 እጅ ይደርሳል። በመሆኑም አየር ያገኙት ዓሣዎች ከሰዓት በኋላ ሊብስባቸው ይችላል። አየሩ መቀጠል አለበት፤ ነገር ግን ውሃ መቀየሩ በዚያው ቀን መከተል አለበት ማለት ነው።

ለ100 ሊትር አዲስ ውሃ ለአኳሪየም ተብሎ ከተዘጋጀው የባሕር ጨው 3 ኪሎ ተኩል ያህል ያስፈልጋል። የወጥ ጨው አይሆንም። የአፋር አሞሌስ? የጥንት ባሕር ትቶት የሄደ ጨው ስለሆነ የሚበቃ ይመስላል። ዳሩ ግን የባሕር ውሃ ሲተን ጨዎቹ የሚዘቅጡት በየተራ ነው፤ በመጀመሪያ የካልሲየም ካርቦኔትና ጂፕስ፣ ቀጥሎ ሶዲየም ክሎራይድ፣ በመጨረሻ የፖታሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች። አሞሌ ሆኖ የሚጠረበው በአብዛኛው መካከለኛው፣ ማለትም ሶዲየም ክሎራይዱ ብቻ ነው። ጥያቄው ግን ለኬሚስትሪ ክፍል መልካም ጥያቄ ነው።

የቧንቧ ውሃውን ክሎሪን በሶዲየም ታዮሰልፌት ማጥፋት ይቻላል፤ ጊዜ ካለ አየር እየነፉ አንድ ቀን ማሳደርም ይበቃል። ከዚያ ጨውነቱን በሃይድሮሜትር፣ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ለክቶ ከገንዳው ጋር ማስተካከል ነው፤ መጽሐፍ ከሚለው ቁጥር ይልቅ ዓሣዎቹ የለመዱት ይበልጣል። በገንዳው በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ ቢገኝ፣ ግማሹን ውሃ ስንቀይር 1፣ በማግስቱ ግማሹን ስንደግም 0.5 ይሆናል፤ በየሰዓቱ የሚጨመረው ሳይቆጠር። ውሃው ቀስ ተብሎ ይጨመር።

ከገንዳው ውጭ የሚቆም ዝግ ማጣሪያ ካለ፣ ኤሌክትሪክ ተመለሰ ብሎ ወዲያው ማስነሣት አደገኛ ነው። ሌሊቱን ታፍኖ ያደረ ውሃ፣ አንዳንዴም እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይዟልና። አስቀድሞ ያንን ውሃ መድፋት፣ ስፖንጁንም ከገንዳው በተቀዳው የጨው ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይገባል። ባክቴሪያ የሚገድሉ መድኃኒቶችን በዚህ ሰሞን መጨመርንም አንደግፍም፤ የምንፈልጋቸውንም ያልምንፈልጋቸውንም አይለዩም።

በሚቀጥሉት ቀናት አሞኒያውን ጧትና ማታ መለካት ያስፈልጋል። ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ናይትራይቱ ይነሣል። ይህ በሐይቅ ዓሣ፣ እንደ ቆሮሶ ባለው ላይ፣ ከባድ አደጋ ነው፤ በባሕር ውሃ ግን የተትረፈረፈው ክሎራይድ በስንጥቡ ላይ ናይትራይቱን ስለሚሻማው ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል። ምግብ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ፣ በጣም ጥቂት በጥቂት ይጀመር፤ ጤነኛ ዓሣ ይህን ያህል ጾሞ አይጎዳም። አሞኒያውም ናይትራይቱም ለተከታታይ ቀናት ዜሮ ሆነው እስኪገኙ ድረስ በሞቱት ምትክ አዲስ ዓሣ ማስገባት አይገባም።