ከመሃል ወደ ዳር፦ የሎግ ካቢን ኩዊልት አቆራረጥና አገጣጠም

ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋው ብርድ ልብስ፣ ኩዊልት፣ እጅግ ብዙ የንድፍ ዓይነቶች አሉት። ከእነዚህ ሁሉ ጀማሪውም አንጋፋውም ሰፊ የሚገናኙበት ሎግ ካቢን፣ ማለትም የግንድ ጎጆ የሚባለው ነው። መሃል ላይ አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ጨርቅ ይቀመጣል። በዙሪያው ቀጫጭን ጥብጣቦች ተራ በተራ ይሰፋሉ፤ ሁለቱ ተጎራባች ጎኖች ፈዛዛ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ጠቆር ያለ ቀለም ይይዛሉ። እንዲህ ያለው አንድ ሙሉ አራት ማዕዘን ብሎክ ይባላል፤ ብዙ ብሎኮች ሲጋጠሙ ብርድ ልብሱ ይሆናል።

አሠራሩ ቀላል መምሰሉ ግን ያታልላል። ብሎኩ ከመሃል ወደ ዳር የሚያድግ በመሆኑ አንድ ጥብጣብ በተጨመረ ቁጥር የቀደመው ስፌት ጥራትም ጉድለትም አብሮ ይደመራል። ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሰፊዎች ያወጧቸው ዘዴዎች በአብዛኛው የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ እያደገ የሚሄድ አራት ማዕዘን ማዕዘኑን ሳይስት እንዴት ዳር ይደርሳል? ይህ ዳሰሳ ዘዴዎቹን በዚህ ጥያቄ መነሻነት ይቃኛል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጡ

አንዱ በሌላው ውስጥ የሚቀመጥ የካሬ ንድፍ ጥንታዊ ነው፤ በሮማውያን ዘመን በግብፅ በበፍታ ተጠቅልለው በተቀበሩ እንስሳት መጠቅለያ ላይ ሳይቀር ይታያል። በኩዊልትነቱ ግን ሎግ ካቢን የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በአሜሪካ ከ1860ዎቹ ጀምሮ በሰፊው መሰፋት ጀመረ። የግንድ ጎጆ በዚያ ዘመን የፖለቲካ ምልክትም ነበር፤ ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን በ1840 የምርጫ ዘመቻው ተጠቅሞበታል፤ በ1860 የተመረጠው አብርሃም ሊንከን ደግሞ የተወለደው በኬንታኪ በግንድ ጎጆ ውስጥ ነበር።

በልማድ ቀዩ መሃል የቤቱ ምድጃ፣ ቢጫው በመስኮት የሚታይ ብርሃን ነው ይባላል። መሃሉ ጥቁር የሆነ ኩዊልት ከባርነት ለሚያመልጡ ሰዎች የመጠለያ ምልክት ነበር የሚለው ታሪክም በስፋት ይነገራል። የኩዊልት ታሪክ አጥኚዎች ይህን አይቀበሉትም፤ በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ የለውም፤ ንድፉም በብዛት የታየው ባርነት ሊያከትም ሲቃረብና ካከተመም በኋላ ነው።

በአየርላንድና በእንግሊዝ መካከል ባለችው በማን ደሴት ተመሳሳይ ንድፍ ጣሪያ በሚል ስም ይታወቃል። አሠራሩ ያለ ማስመሪያና ያለ መቀስ ነው። የብሎኩ መጠን በስንዝር፣ የጥብጣቡ ስፋት በአውራ ጣት ይለካል፤ ጨርቁ በእጅ ይቀደዳል። እያንዳንዱ ጥብጣብ ከሥሩ ካለ ጨርቅ ጋር ተሰፍቶ ሲገለበጥ እጥፋት ይተዋል፤ እጥፋቱ ራሱ ሙቀት ስለሚሰጥ ሌላ ሙሌት አያስፈልገውም።

አንድ ብሎክ በቁጥር

መሃሉ ተሰፍቶ ሲያልቅ 5 ሴንቲ ሜትር፣ እያንዳንዱ ጥብጣብ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሦስት ዙር ያለው ብሎክ እንውሰድ። በየጠርዙ ለስፌት የሚተው ትርፍ 0.75 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ትርፉ በሁለት ጠርዝ ስለሚያስፈልግ በእያንዳንዱ ልኬት ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል። ስለዚህ መሃሉ 6.5 በ6.5፣ ጥብጣቡ በሙሉ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሆኖ ይቆረጣል።

ርዝመታቸው በመጀመሪያው ዙር 6.5፣ 9፣ 9 እና 11.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በሁለተኛው 11.5፣ 14፣ 14 እና 16.5፤ በሦስተኛው 16.5፣ 19፣ 19 እና 21.5 ይሆናል። ያለቀው ብሎክ ትርፉን ጨምሮ 21.5፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲሰፋ 20 ሴንቲ ሜትር ካሬ ነው። በየዙሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥብጣቦች ፈዛዛ ቢሆኑ ለአንድ ብሎክ 76.5 ሴንቲ ሜትር ፈዛዛ፣ 91.5 ሴንቲ ሜትር ጠቆር ያለ ጥብጣብ ይፈጃል። በየዙሩ ኋላ የሚመጣው ቀለም ሁልጊዜ ይበልጣል፤ የትኛው ቀለም እንዲጎላ እንደሚፈለግ አስቀድሞ መወሰን ያለበትም ለዚህ ነው።

በ8 ረድፍ 8 ብሎክ የተደረደረበት 1.60 ሜትር ካሬ ኩዊልት 64 ብሎክ ይጠይቃል። ጥቅም ላይ የሚውለው የጨርቅ ወርድ 105 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 47 ፈዛዛና 56 ጠቆር ያሉ ጥብጣቦች ያስፈልጋሉ። ለብክነት ጥቂት ጨምሮ 2.25 ሜትር ፈዛዛ፣ 2.75 ሜትር ጠቆር ያለ ጨርቅ መግዛት ይበቃል። ለመሃሎቹ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በቂ ነው።

ስህተት የሚደመረው እንዴት እንደሆነም ቁጥሩ ያሳያል። የስፌት ትርፉ 7.5 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 8.5 ቢሆን፣ አንድ ስፌት ከሁለት ጨርቅ ስለሚወስድ 2 ሚሊ ሜትር ይጠፋል። ብሎኩ ከግራ ወደ ቀኝ 6 ስፌት ስላለው ጉድለቱ 12 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በ8 ብሎክ ረድፍ ላይ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። የአንድ ሚሊ ሜትር ነገር የማይናቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አቆራረጥ

የመጀመሪያው ውሳኔ የጨርቁ አቅጣጫ ነው። በድሩ አቅጣጫ፣ ማለትም ከጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ የተቆረጠ ጥብጣብ ብዙም አይለጠጥም። በማጉ አቅጣጫ የተቆረጠው ጥቂት ይሰጣል። በሰያፍ የተቆረጠው ግን እጅ ውስጥ ይረዝማል፤ ብሎኩንም ያጣምማል። ቁርጥራጭ የሚሰበስብ ሰው ይህን በተለይ ሊጠብቅ ይገባል፤ የልብስ ሰፊ ትርፍራፊ አብዛኛው ከእጅጌና ከአንገት የተረፈ ስለሆነ ሰያፉ ብዙ ነው። ድሩን ፈልጎ በእርሱ ልክ ማስመር ያድናል። ቀለም የሚለቅና የሚኮማተር ጨርቅ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት መታጠብ አለበት።

ለረጅም ጊዜ ጥብጣብ የሚዘጋጀው በመቀስ ወይም በመቅደድ ነበር። የተቀደደ ጨርቅ ክሩን ተከትሎ ቀጥ ይላል፤ ጠርዙ ግን ይሳሳል፣ ይለጠጣልም። ለውጡ የመጣው የጃፓኑ ኦልፋ ኩባንያ በ1979 ክብ ተሽከርካሪ ስለት ያለው መቁረጫ ለገበያ ሲያቀርብ ነው። ስለቱ የማይጎዳው ምንጣፍና ወፍራም ግልጽ ማስመሪያ ሲጨመሩበት አንድ ሰው ብዙ ንብርብር ጨርቅ በአንድ ምት ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ቻለ።

መሣሪያው ቢሻሻልም አንድ ወጥመድ አለበት። ጨርቁ ታጥፎ ሲቆረጥ ማስመሪያው ከእጥፋቱ ጋር ትክክለኛ 90 ዲግሪ ካልሠራ፣ ጥብጣቡ ሲዘረጋ እጥፋቱ የነበረበት ቦታ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ጥቂት ጥብጣብ በተቆረጠ ቁጥር ማዕዘኑን እንደገና መፈተሽና ጠርዙን ማቅናት ይገባል። ስለቱም እጅግ ስለታም ነው፤ ከሰውነት ወደ ውጭ መግፋትና አንድ ቆረጣ እንዳበቃ ወዲያው መዝጋት የማይታለፍ ሕግ ነው።

አገጣጠም

በስፌት መኪና ከሚሠሩት መንገዶች ሁለቱ መሠረታዊ ናቸው። አንደኛው ጥብጣቡን ሁሉ አስቀድሞ በልኩ ቆርጦ መስፋት ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ሐቀኛ ዘዴ ነው። ጥብጣቡ ከብሎኩ ጎን ጋር እኩል ካልመጣ ስህተቱ እዚያው ይታወቃል፣ እዚያው ይታረማል።

ሁለተኛው በሰንሰለት መስፋት ነው። አንድ ረጅም ጥብጣብ ከመኪናው እግር ሥር ይገባል፤ ብሎኮቹ አንዱ ሌላውን እየተከተለ በላዩ ይደረደራሉ፤ ክሩ ሳይበጠስ ሁሉም ይሰፋሉ፤ ከዚያ ይነጣጠላሉ። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር በርንስ በ1978 ያሳተመችው መጽሐፍ አንድ ሙሉ ሎግ ካቢን በአንድ ቀን መሥራትን በዚህ ፈጣን መንገድ አስተዋውቋል፤ ብዙ ሰዎችንም ወደ ሙያው ስቧል። የዘዴው ድክመት ጥብጣቡ የሚለካው በብሎኩ ላይ መሆኑ ነው። ብሎኩ ቀድሞ ከተዛባ ጥብጣቡም ያንኑ መዛባት ይከተላል። መድኃኒቱ ከየዙሩ በኋላ ብሎኩን በማስመሪያ ለክቶ ማስተካከል ነው፤ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 11.5፣ ከሁለተኛው በኋላ 16.5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት።

ሦስተኛው መንገድ ከሥር ጨርቅ አንጥፎ መስፋት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሰፊዎች አቡጀዲ የመሰለ ርካሽ ጨርቅ በካሬ ቆርጠው መሃሉን ያስቀምጡና ጥብጣቦቹን በላዩ ይሰፉ ነበር። ሐር፣ ሱፍና ጥጥ ውፍረታቸው ቢለያይም የሥሩ ጨርቅ አጥብቆ ይይዛቸዋል። ውጤቱ ግን ከባድ ይሆናል፤ በብዙ ስፌት ውስጥ መርፌ ማሳለፍ አስቸጋሪ በመሆኑም ብዙዎቹ ኩዊልቶች ሙሌት ሳይገባባቸው ቀርተዋል፣ ወይም ንብርብሩ እዚህም እዚያም በክር ታስሯል።

የዚህ ዘዴ ልጅ የወረቀት መሠረት ነው። ንድፉ በወረቀት ይታተማል፤ ጨርቁ ከወረቀቱ ጀርባ ተይዞ ስፌቱ በተሰመረው መስመር ላይ ይሄዳል። የስፌቱ ርዝመት ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ከተቀነሰ ወረቀቱ በኋላ በቀላሉ ይቀደዳል። ልኩን የሚጠብቀው መስመሩ ስለሆነ ጥብጣቡ ትንሽ ሰፋ ብሎ ቢቆረጥም ችግር የለውም። በጣም ቀጫጭን ጥብጣብ ላላቸው ብሎኮች ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ ሦስት ልማዶች ይዘልቃሉ። የመጀመሪያው አዙሪቱ ነው፤ በቀኝ ከተጀመረ በቀኝ ያልቃል፣ ሁሉም ብሎክ አንድ አቅጣጫ ይይዛል። ሁለተኛው ካውያ ነው፤ እያንዳንዱ ስፌት ቀጣዩ ከመሰፋቱ በፊት ይተኮሳል፣ ትርፉም ከመሃል ወደ ውጭ ይተኛል። ካውያው ተነሥቶ ይጫናል እንጂ ወዲያና ወዲህ አይጎተትም፤ መጎተት ጨርቁን ይለጥጣል። ሦስተኛው ሙከራ ነው፤ 4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ጥብጣቦች ጎን ለጎን ተሰፍተው ሲተኮሱ የመካከለኛው ስፋት ልክ 2.5 ሴንቲ ሜትር መምጣት አለበት። ከጠበበ ትርፉ በዝቷል ማለት ነው፤ ስፌቱ በክር ያህል ወደ ጠርዙ ይጠጋል።

የንድፉ ቤተሰብና አደራደሩ

የጥብጣቡን ተራ መቀየር ሌሎች ብሎኮችን ይወልዳል። የፍርድ ቤት ደረጃ በሚባለው ጥብጣቦቹ በአዙሪት ሳይሆን በተቃራኒ ጎኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰፋሉ። በላይኛው ልኬት ርዝመታቸው ሁለት ሁለት 6.5፣ 11.5፣ 11.5፣ 16.5፣ 16.5 እና 21.5 ነው። በግማሽ ሎግ ካቢን መሃሉ ወደ ጥግ ሄዶ ጥብጣብ በሁለት ጎን ብቻ ይጨመራል። አናናስ የሚባለው ደግሞ አንድ ዙር ቀጥታ፣ አንድ ዙር በማዕዘኖቹ ላይ ሰያፍ ስለሚሄድ በወረቀት መሠረት ቢሠራ ይመረጣል። በአንድ ወገን 1.5፣ በሌላው 3.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥብጣብ ሲሰፋ ደግሞ መሃሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ከቀጥታ ስፌት ብቻ የተሠራው ኩዊልት ለዓይን ክብ መስሎ ይታያል።

ብሎኮቹ ካለቁ በኋላ ትልቁ ሥራ አደራደር ነው። ፈዛዛውና ጠቆር ያለው በሰያፍ ስለሚከፈሉ ብሎኩን ማዞር ብቻ መልኩን ይለውጠዋል። ከመሃል እየሰፋ የሚሄድ የአልማዝ ቅርጽ የሚሠራው አደራደር፣ ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ የእርሻ ጎተራ በሚያቆምበት የአሜሪካ ልማድ ተሰይሟል። ሰያፍ ሰልፍ የሚሠራው ቀጥ ያለ ትልም ይባላል፤ መብረቅ፣ የነፋስ ወፍጮ፣ ብርሃንና ጥላ የተባሉም አሉ። ሁሉም የሚያምሩት የቀለም ልዩነቱ ሲጎላ ነው። ጨርቆቹን ደርድሮ በስልክ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ማንሳት የትኛው ከየትኛው ጎራ እንደሆነ ያለ ክርክር ይለያል።

ማስመሪያ የማይገዛቸው እጆች

ትክክለኛነት አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደለም። በአላባማ ወንዝ እጥፋት ላይ በምትገኘው ጊስ ቤንድ መንደር፣ በአካባቢው እርሻ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ዘር የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የቤት ጣሪያ የሚሉትን የሎግ ካቢን ዘመድ ለትውልድ ሲሰፉ ኖረዋል። ካረጀ የሥራ ሱሪ፣ ከጂንስ፣ ከዱቄት ከረጢት ተነሥተው ጥብጣቡን በዓይን እየመጠኑ ያሰፋሉ፣ ያጠባሉ፣ የተረፈውን ይቆርጣሉ። በ1966 በአካባቢው የተቋቋመው የኩዊልት ኅብረት ሥራ በ1972 ከሲርስ ኩባንያ የኮርዱሮይ ትራስ ልብስ የመስፋት ሥራ አገኘ፤ የተረፈው ኮርዱሮይም ወደ መንደሩ ኩዊልቶች ገባ። ሥራዎቻቸው በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ለእይታ ቀረቡ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ድርጅት አሥሩን በቴምብር አትሟቸዋል።

እነዚህ ሴቶች የስህተትን መደመር አልሸሹም፤ መዛባቱን በየጥብጣቡ እያዩ፣ እየመለሱ፣ የንድፉ ሕይወት አደረጉት። በዓይን መመጠን ግን ከሚሊ ሜትር ያነሰ ትኩረት አይጠይቅም፤ ለዓመታት በእጅ የሰለጠነ ዳኝነት ይፈልጋል።

ከየት ይጀመር?

ለጀማሪ የሚሻለው ጥብጣቡን አስቀድሞ በልኩ ቆርጦ መስፋት ነው፤ ዘገምተኛ ቢሆንም የእጅን ጉድለት ወዲያው ያሳያል። እጅ ሲለምድ ወደ ሰንሰለት ስፌት፣ ቀጭን ሥራ ሲያምር ወደ ወረቀት መሠረት መሻገር ይቻላል። ውድ መሣሪያ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ ስለታም መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ጠመኔ፣ ካውያና የምትታዘዝ የእግር ስፌት መኪና ይበቃሉ። ድሪቶ የሰፉ እናቶች ባሉበት አገር ቁርጥራጭን ከቁርጥራጭ ማጋጠም እንግዳ ሙያ አይደለም። በልብስ ሰፊዎች ደጅ የሚጣለውን የጥጥ ትርፍራፊ ለምኑ፣ በቀለም ለዩት፣ 64 ብሎክ ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ብቻ ሰፍታችሁ ለኩት። 21.5 ሴንቲ ሜትር ከመጣ ቀሪውን ያለ ስጋት ቁረጡ፤ ካልመጣ የስፌት ትርፉን አርሙና ደግማችሁ ስፉ።