የጡረተኛው አይሮፕላን

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ደጋን ላይ የማሽላ አገዳ ልጠው አይሮፕላን የሚሠሩ ልጆች ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ጠንካራው ልጣጭ ማያያዣ ስንጥር ይሆናል፤ ነጩና ለስላሳው ውስጡ ደግሞ አካልና ክንፍ። አይሮፕላኑ አይበርም። ባለቤቱ በእጁ ከፍ አድርጎ ይዞት፥ በአፉ እያጓራለት ይሮጣል። ልጁ ትንሽ አደግ ሲል ይተወዋል። ጡረታ የወጣ ሰው ይህንኑ ይዞ ቢገኝ ግን ምን ይባል ነበር? ሌላውን እንተወውና እኛ ራሳችን «ጃጁ» ማለታችን አይቀርም።

ይህን ያስነሣን የአንድ አሜሪካዊ ጡረተኛ ታሪክ ነው። ሜናርድ ሂል ይባላሉ። በሙያቸው የብረታ ብረት ተመራማሪ ነበሩ፤ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ሠርተው ጡረታ ወጡ። በራዲዮ የሚታዘዙ ትናንሽ አይሮፕላኖች መሥራት የረጅም ጊዜ ፍቅራቸው ነበርና ጡረታው ጊዜ ሰጣቸው። ዓይናቸው ግን ሊታወር ደርሶ፥ ጆሯቸውም ደክሞ ነበር። ስለዚህ ባልሳ የሚባለውን የደቡብ አሜሪካ ቀላል እንጨት በጣታቸው እየዳሰሱ ይሠሩ ነበር። ያሰቡት ነገር ደግሞ ሰው የሚስቅበት ነው፤ ይኸውም አንዲቱን ትንሽ አይሮፕላን አትላንቲክ ውቅያኖስን ማሻገር።

የሥራው ችግር ምን እንደ ነበረ ለማስረዳት ያህል፥ የራዲዮውን ነገር እናስቀድም። አብራሪው መሬት ላይ ቆሞ በእጁ ባለው ሳጥን ላይ ያሉትን ዘንጎች ሲያንቀሳቅስ ትእዛዙ በራዲዮ ሞገድ ይሄዳል፤ አይሮፕላኑ ውስጥ ያለው ተቀባይ ያን ይሰማና ትናንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮችን ያዝዛል፤ እነርሱም የክንፉንና የጭራውን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ይጎትታሉ። ይህ ሁሉ ግን አብራሪው አይሮፕላኑን እስካየው ድረስ ነው። ከዓይን ከራቀ ቢያዝዙትም ወዴት እንዳዘነበለ አይታወቅም። ስለዚህ ሂልና ጓደኞቻቸው በመካከሉ ላለው ጉዞ ከሳተላይት አቅጣጫውን እያወቀ ራሱን የሚመራ መሣሪያ ጨመሩበት።

ሁለተኛው ችግር ክብደት ነው። ለዚህ ዓይነቱ የዓለም ሬኮርድ አይሮፕላኑ ነዳጁን ጨምሮ ከ5 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። ለእንዲህ ያለ ሞተር የተለመደው ነዳጅ ሜታኖል ሲሆን፥ በክብደቱ ልክ የሚሰጠው ኃይል የቤንዚንን ግማሽ አይሞላም። ሂል ሞተሩን ለውጠው ለፋኖስ የሚሸጠውን ንጹሕ ቤንዚን እንዲጠጣ አደረጉት።

ቀደም ብለው የላኳቸው ውቅያኖስ ውስጥ ቀሩ። ነሐሴ 3 ቀን 1995 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2003) ሌላዋ ከካናዳ፥ ከኒውፋውንድላንድ ተነሣች። የክንፏ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ80 ያህል ነበር። በመካከሉ ወሬዋ ተቋርጦ ቆየ፤ ሽማግሌው ያን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፉት መገመት አያስቸግርም። በ38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ 3,028 ኪሎ ሜትር በርራ አየርላንድ ስትደርስ፥ የዳር ላይ አብራሪው ዴቭ ብራውን በእጅ ራዲዮ ተቀብሎ አሳረፋት። ሂል የ77 ዓመት ሰው ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. አረፉ።

እንዲህ ያለውን አይሮፕላን በእኛ አገር ለማብረር ቢታሰብ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከመቶ 13 ያህል መፍጠን አለበት፤ ሞተሩ ደግሞ አየሩ በሳሳው መጠን ያህል ይደክማል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ይሻላል።

ከአየሩ መሳሳት የሚብሰው ግን የሰማዩ ትዝታ ነው። የደሴ ሰው አይሮፕላንን ጠንቅቆ ያወቀው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ሆስፒታል ሳይቀር ከተማይቱን በቦምብ በደበደቡ ጊዜ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስም ሰው ሽቅብ እያየ መሸማቀቅን ዳግም ተማረ። አንድ ጡረተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ሳጥን ይዞ ቆሞ የሚጮህ ነገር ወደ ላይ ቢለቅ፥ ጎረቤቱ ቢደነግጥ አንፈርድበትም። ሰው አልባ በራሪ ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ አገር አለመግባቱም ያስገርመናል ማለት አይደለም። ሆኖም ሰማዩ ለጦር ብቻ ሲቀር ያሳዝነናል።

ሞተርና ራዲዮ ለሌለው ተንሸራታች ግን የአየር ሁኔታ እንጂ ፈቃድ አያስፈልግም። የአገዳው አካል እንደ ነበረ ይሁን፤ ክንፉና ጭራው ከወፍራም ወረቀት ይቆረጡ። ምሥጢሩ ሚዛኑ ላይ ነው፤ ክንፉን ከፊት ጠርዙ ሲሶው ላይ በሁለት ጣት ቢደግፉት ወዲያና ወዲህ ሳያዘነብል መቆም አለበት። እስኪቆም ድረስ አፍንጫው ላይ ጭቃ ይለጠፋል። ሲወረወር አፍንጫውን ሽቅብ አንሥቶ ከቆመና ከወደቀ ጭቃ ይጨመርለት፤ በአፍንጫው ከተተከለ ይቀነስለት። መጀመሪያ ሣር ላይ፥ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ይሞከር።